«ልጅቷ ናት ያልዘጋችው!»

በአንድ ሰፈር የቡታጋዝ አደጋ ሲደርስ የሚወራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ቀጥሎ «ጋዝ ፈንድቶ ነው» ይመጣል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ልጅቷ ሳትዘጋው ቀርታ እኮ ነው!» ወሬው እዚህ ላይ ያልቃል። ጥፋተኛ ተገኝቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ሁሉም «እግዜር ይማራት» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የራሱን ሲሊንደር ግን ዞር ብሎም አያየው።

«ልጅቷ» ማለት እንግዲህ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ስሟ አይጠራም። ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የተቃጠለችውም እሷው ናት፤ ምድጃው ፊት የቆመችው እሷ ነበረቻ! ተቃጥላም ጥፋተኛ ናት። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይኼን ዓይነቱን ነው።

እኛ አንድ አጭር ጥያቄ አለን። ልጅቷን ማን አሳያት?

እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው። ይህች ልጅ ከገጠር ስትመጣ እሳት አታውቅም ማለት አይደለም። ከእኛ ከከተሜዎቹ ይልቅ እሳትን የምታውቀው እሷ ናት። ግን የምታውቀው እሳት የሚታይ እሳት ነው። እንጨቱ ይታያል፣ ኩበቱ ይታያል፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ሲጠፋ እፍ ይባላል፣ ሲበዛ ማገዶው ይጎተታል። አሁን ግን በብረት ውስጥ የተዘጋ፣ የማይታይ፣ ሲወጣም ድምፁ በጭንቅ የሚሰማ ነገር አስረከብናት። ያስረከብንበት ሥልጠና ምን ያህል ጊዜ ፈጀ? «ይኼን እንዲህ ታዞሪያለሽ፣ ክብሪቱን እንዲህ ትጭሪያለሽ፣ ደግሞ ጠንቀቅ በይ!» በቃ። ግማሽ ደቂቃ። ስለ ቡናው አቆላል ግን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሲነገራት ነው የዋለው።

ጎበዝ፣ «ጠንቀቅ በይ» መመሪያ አይደለም። «ጠንቀቅ በይ» የሚባለው ተናጋሪው ራሱ ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት ሳያውቅ ሲቀር ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ አብዛኛው አባወራም ሆነ እማወራ ጋዝ ሲሸት በመጀመሪያዎቹ አስር ሰከንዶች ምን መደረግ እንዳለበት ቢጠየቅ መልሱ «መስኮት መክፈት» ላይ ያበቃል።

የምንለው ይኼ ነው፦ ቤቱ ውስጥ ቡታጋዝ ያስገባ ሰው ነገሩን የማወቅና ምድጃው ፊት የሚቆመውን ሁሉ የማሳወቅ ዕዳ አለበት። ሠራተኛዋ፣ እህት፣ ከክፍለ ሀገር ለዩኒቨርሲቲ የመጣው የአጎት ልጅ፣ ሁሉም። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው አደጋ ሲደርስ ጣቱን ወደ ሌላ የመቀሰር መብት የለውም። ደግሞ አደጋው ጋዙ ሲያፈስ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ጋዙ ሲያልቅም፣ ከገበያ ሲጠፋም፣ ተመልሶ ሲመጣም ይመጣል። አንድ በአንድ እንየው።

የእነሱ ጋዝና የእኛ ጋዝ

«ጋዝ ቢያፈስ ምን ላድርግ?» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ወጣት የሚያገኘው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የለንደን ወይም የቺካጎ ሰው ምክር ነው። «ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጋ፣ ለጋዝ ኩባንያው ደውል» ይለዋል። የምን ቆጣሪ? የምን ኩባንያ? እዚያ አገር ጋዝ እንደ ውኃ በቧንቧ ነው የሚገባው። ሲቋረጥም የሚያቋርጠው ኩባንያ ነው፣ ሲመለስም የሚመልሰው ኩባንያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጋዝ የሚመጣው በሲሊንደር፣ በሰው ትከሻ ወይም በባጃጅ ነው። የሚገጥመውም እጁ ላይ ፒንሳ ያለ ሰው ነው።

ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። የቧንቧው ጋዝ በዋናነት ሚቴን ነው፤ ከአየር ይቀልላል፣ ሲያፈስ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ቡታጋዝ ግን ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ፤ ፕሮፔኑ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴኑ ሁለት እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ሲያፈስ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ወለሉ ላይ ይተኛል፣ በበር ሥር ሾልኮ ወደ ሳሎን ይገባል፣ በደረጃ ይወርዳል፣ ጉድጓድ ካገኘ ይሞላዋል። ቁመታችሁ ላይ ሽታው ሳሳ ብሎ ሳለ ቁርጭምጭሚታችሁ ጋ ጠግቦ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ላይ የሚተኛው ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን። (በብዙ ቤት ልጅቷ የምትተኛው ማድ ቤት ውስጥ መሆኑን ለመናገር እንፈር እንዴ?)

መስከረም 2018 ላይ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ «እሰይ፣ ከእንግዲህ ቡታጋዝ አለቀ የሚባል ነገር የለም» ያሉ ወዳጆች ነበሩን። ደስታቸውን ማበላሸት አንፈልግም፤ ግን እዚያ የሚመረተው በቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት የተቀየረ ሚቴን ነው። እማማ ማድ ቤት ያለው ሲሊንደር ውስጥ የሚሞላው ነገር እሱ አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው ከሲሊንደራችን ጋር ነን፤ ከሲሊንደራችን ጋር መኖርን እንማር።

ሽታው በነፃ አልመጣም

ጋዙ በተፈጥሮው ይሸታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይሸትም። ያ የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል ነው። ታሪኩም የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1937 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ፣ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር ማንም ሳያውቅ ተጠራቀመ። ከዚያ ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽታው እንግዲህ በሕፃናት ሕይወት የተገዛ ደወል ነው። እኛ ይኼን ደወል ምን እናደርገዋለን? «ትንሽ ትንሽ ይሸታል፣ ለምዶበት ነው» እንላለን። ወይም ዕጣን እናጨስበታለን። ዕጣን! ሰው እንዴት በሚያፈስ ጋዝ ላይ ፍም ይዞ ይመጣል? ልጅቷ «እትዬ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» ስትል «አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ይሸትሻል» የተባለችበት ቤት ስንት ነው?

ሲሸት

ስለዚህ ሲሸት የሚደረገውን አንዴ በቅደም ተከተል እንበለው፤ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ለመለጠፍም ይመቻል።

አንደኛ፣ እሳት የሚባል ነገር የለም። ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የቡና ፍም፣ ሁሉም ይጥፋ። ምድጃው ከበራም ይዘጋ።

ሁለተኛ፣ መብራት ሲበራም ሲጠፋም የማትታይ ብልጭታ አለች። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያውን አትንኩ። ጨለማ ከሆነ በጨለማ ውጡ። የበራውም እንደበራ ይቆይ። ሶኬት መንቀልም መሰካትም የለም። የበር ደወል መጥሪያም የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው፤ ሽታ ሰምቶ ተነስቶ «እስቲ ልይ» ብሎ መብራት ያበራል።

ሦስተኛ፣ እጃችሁ የሚደርስ ከሆነ ጋዙን ከምንጩ ዝጉት። ከምንጩ ማለት ከሲሊንደሩ ነው፤ ሬጉሌተሩ ላይ ወይም ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው መዝጊያ። የምድጃውን ማዞሪያ ብቻ መዝጋት በቂ አይደለም፤ ጎማው ተሰንጥቆ ከሆነ የሚያፈሰው ከዚያ በፊት ነውና።

አራተኛ፣ በርና መስኮት ይከፈት፤ በተለይ በሩ። ጋዙ ወለል ላይ ስላለ በከፍታ ያለች ትንሽ መስኮት ብቻዋን አታስወጣውም።

አምስተኛ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። ሞባይል ስልክ የሚነካው ውጭ ከተወጣ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነፃ መስመር 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ልጅቷ ስልክ ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አሉ? ስልክስ አላት? «ስልክ ከያዘች ሥራ አትሠራም» ብላችሁ ቀምታችኋት ከሆነ የቤቱን የአደጋ መስመር የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ።

እሳቱ ተነስቶ ከሆነስ? ሲሊንደሩ አፍ ላይ እየነደደ ከሆነና መዝጊያው ጋ ሳትቃጠሉ መድረስ ከቻላችሁ ዝጉት፤ ጋዙ ሲቆም እሳቱም ይቆማል። ካልቻላችሁ ጀግና አትሁኑ። ነበልባሉን በብርድ ልብስ አፍኖ ጋዙን ክፍት መተው ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ የሚወጣው ጋዝ ይጠራቀምና ሌላ ብልጭታ ይጠብቃል። ሲሊንደሩ ራሱ በእሳት ከተከበበ ሊፈነዳ ይችላል፤ ጎረቤትን እየጠራችሁ ራቁ።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ የሚፈስ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል። የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ቅቤም፣ እንቁላልም አይቀባም። ይኼን ምክር ከአያቶቻችን ጋር እንደሚያጣላን እናውቃለን፤ ይቅርታ እየጠየቅን እንቀጥላለን።

ሲያልቅና ሲመለስ

አሁን ወደ መቋረጡ እንምጣ። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1998 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ሎንግፎርድ የሚገኘው የጋዝ ማጣሪያ ፈንድቶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ግዛቲቱ ለሁለት ሳምንት ገደማ ያለ ጋዝ ቀረች። ሕዝቡ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፣ ፋብሪካዎች ቆሙ። ለየቤቱ የተሰጠው ትእዛዝ ግን ግልጽ ነበር፦ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ ክፈቱ እስክትባሉ ድረስ አትክፈቱ። ለምን? ምክንያቱም የጋዝ መቋረጥ ትልቁ አደጋ ያለው ሲቋረጥ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ጋዙ ሲቆም የጠፋ፣ ግን ማዞሪያው ክፍት የቀረ ምድጃ ጋዙ ሲመለስ ነበልባል የሌለው ቧንቧ ይሆናል።

«እኛ ይኼ አይመለከተንም፣ ቧንቧ የለንም» እንዳትሉ። በእኛ ማድ ቤት በየወሩ የሚደገመው ይኸው ድራማ ነው። ሽሮው በመንተክተክ ላይ ሳለ ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ጭልጭል ብሎ ይጠፋል። «ውይ፣ አለቀ!» ሰው ሁሉ ድስቱን ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይሮጣል። ማዞሪያው? ክፍት። አዲሱ ሲሊንደር በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ተሸካሚው ይገጥመዋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጋዙ በተከፈተው ማዞሪያ በፀጥታ ይወጣል። ማንም ያልነካው ምድጃ! ከዚያ ማታ ልጅቷ ክብሪት ትጭራለች። ከዚያ «ልጅቷ ሳትዘጋው ቀርታ…»

ጋዙ ያለቀ ቀን ምድጃው ፊት የነበረው ማን ነበር? ማንም ሊሆን ይችላል። ልማዱን ያላበጀው ግን ቤቱ ነው። ልማዱ ይኼ ነው፦ ጋዝ ሲያልቅ መጀመሪያ የምድጃው ማዞሪያዎች በሙሉ፣ ቀጥሎ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋል። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ማዞሪያዎቹ እንደገና ይታያሉ። ከተገጠመ በኋላ መጋጠሚያውና ጎማው በሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። አለቀ። የአንድ ማንኪያ የልብስ ሳሙና ወጪ! በክብሪት የሚፈትሽ ገጣሚ ካጋጠማችሁ ግን «ወንድሜ፣ ተው» በሉትና እጁን ያዙት። «ሁሌም እንዲህ ነው የማደርገው» ይላችኋል። እሱን ያተረፈው ዕድሉ ነው፣ ዘዴው አይደለም።

ጎማውም ዕድሜ አለው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ምድጃው ጀርባ ካለፈ ደግሞ ይጠበሳል። ጠፍር ላስቲክ ተጠምጥሞበት የሚኖር ጎማ ያለበትን ቤት ግድግዳ አሻቅባችሁ ስታዩት አምሳ ኢንች ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። አዲስ ጎማ ስንት ነው? የቴሌቪዥኑን ሪሞት አይገዛም።

ሲጠፋ

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይብሳል፤ ጋዙ ከከተማው ሲጠፋ። ወረፋው፣ «ነገ ና»፣ «የማውቀው ሰው አለ»… ይኼን መዘርዘር አያስፈልግም፣ ኖረንበታል። ጋዝ ሲጠፋ ሰው እብደት ይጀምራል። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ሲሊንደሩን አጋድሞ የሚያነድድ አለ፤ ሲሊንደሩ ሲጋደም ፈሳሹ ራሱ በሬጉሌተሩ ይወጣና እሳቱ ድንገት ይጋልባል። ፈሳሹ ወደ አየርነት ሲቀየር መጠኑ ከ200 ጊዜ በላይ እንደሚያድግ አስቡት። ሲሊንደሩን ፈልቶ የወረደ ውኃ ውስጥ የሚያስቀምጥ አለ። ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ በጓሮ የሚገለብጥ ነጋዴ አለ። ሲሊንደር እስከ አፉ አይሞላም፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ባዶ ቦታ ስለሚያስፈልገው ከ80 እስከ 85 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚሞላው። በጓሮ የሚገለብጠው ሰው ይኼን በምን ይለካዋል? በዓይኑ! ሁለትና ሦስት ሲሊንደር ገዝቶ አልጋ ሥር የሚደብቅም አለ። አልጋ ሥር!

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ዝም ብሎ የሚገድለው ነው፤ ከሰል። ጋዝ ሲጠፋና መብራትም ሲሄድ የከተማው ሰው ወደ ከሰል ይመለሳል። ከሰል ግን የተሠራው ለግቢ ነበር፤ ነፋስ ለሚገባበት ጭስ ቤት፣ ለበረንዳ። አሁን አራተኛ ፎቅ፣ ሰኔና ሐምሌ፣ ብርዱ ሲብስ በርና መስኮት ተዘግቶ ነው የሚነደው። ከዚያም «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» ይባላል። ውሸት ነው! የሚገድለው ጭሱ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ወንበር ይይዛል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። ፍሙ በቀላበት ሰዓትም ይወጣል። ቡታጋዝ ቢያንስ ሽታ ተጨምሮለታል፤ ለከሰል ማን ሽታ ይጨምርለት?

ይኼ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2021 ቴክሳስ ውስጥ በበረዶው ማዕበል ኃይል ሲቋረጥ ሂዩስተንና አካባቢዋ ሰው ሙቀት ፍለጋ ከሰል ቤት ውስጥ አነደደ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሳ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም አሉ። ከሞቱት መካከል የአገራችን ልጆች ይገኙበታል። ከዚህ ብርድ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው በዚያው በእኛው ዓይነት አለማወቅ ሞተ። የምንጽፈው ለዚህ ነው። አለማወቅ ቪዛ አይጠይቅም።

ምልክቱን ልብ በሉ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል። በተለይ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ጉንፋን አይደለም። ወዲያው ወደ ውጭ፣ ወደ ንጹሕ አየር። ከዚያ ሐኪም ቤት፤ «ከሰል ቤት ውስጥ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ከሰል ከምድጃው ጋር ማደሪያ ክፍል ውስጥ አይገባም፣ አያድርም። ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል ውስጥም! ለቡና ከሆነ በሩ ተከፍቶ፤ ቡና ሲጠጣ ጎረቤት የሚጠራው ድሮም በሩ ክፍት ስለሆነ ነበር።

ወደ ኤሌክትሪክ የሚሮጠውም ትንሽ ቆም ይበል። ምጣዱን፣ ምድጃውንና የውኃ ማሞቂያውን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ «ጋዝ አደገኛ ነው» የሚል ሰው ያሳስበናል።

የሚነሱብን ክርክሮች

አንዱ ወዳጃችን ይኼን ሁሉ ሰምቶ «ይኼ እኮ የመንግሥት ሥራ ነው» አለን። አዎ፣ የመንግሥት ሥራም ነው። አቅርቦቱ ሳይቆራረጥ እንዲመጣ፣ የጓሮ ገልባጩ እንዲያዝ፣ ሲሊንደር ሻጩ ከሲሊንደሩ ጋር አንዲት የመመሪያ ወረቀት በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም እንዲሰጥ ማስገደድ የማን ሥራ እንደሆነ እናውቃለን። ወረቀት ማንበብ ለማትችለው ደግሞ ሥዕል ይበቃል። ይኼን መጠየቃችንን አናቆምም። ግን ማዞሪያውን ለመዝጋት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስብሰባ አንጠብቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ ዘርዝሮ ከመደንገግ ይልቅ ምክር ቤቱ ደንብ ያወጣል ብሎ ለብቻ ነው ያስቀመጠው። ፋብሪካ ውስጥ ለማሽን ሠራተኛው ስለ አደጋ መከላከል የሚነገር ሕግ አለው። ማድ ቤት ውስጥ ግን ሕጉም፣ ሥልጠናውም፣ የደኅንነት መኮንኑም አሠሪው ነው። ሥልጣኑን ሁሉ ይዞ ኃላፊነቱን ለልጅቷ መስጠት ምን ይሉታል?

ሌላዋ «ብነግራትም አይገባትም» አለችን። ይኼኛው ያናድዳል። ወጥ በስንት ዓይነት እንደሚሠራ ገብቷታል፤ ሕፃን ልጃችሁ መቼ መድኃኒት እንደሚወስድ ገብቷታል፤ የእናንተን የዓመል መቀያየር ሳይቀር ገብቷታል። «መጀመሪያ ክብሪቱን ጫሪ፣ ከዚያ ማዞሪያውን ክፈች» ግን አይገባትም? የአማርኛዋ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በእጅ ይታያል፤ ማሳየት አስተርጓሚ አይፈልግም። ደግማ እንድታሳያችሁ ጠይቋት፤ ያኔ ማን እንዳልገባው ይታወቃል።

ሦስተኛው አከራዩ ነው። «ተከራይ ስለሆናችሁ ሲሊንደሩን ውስጥ አስገቡት፣ በረንዳዬን አታበላሹ!» ይላል። መስኮት የሌላት፣ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች ማብሰያ ሠርቶ ያከራየ ሰው ቢያንስ ከበሩ ሥር አየር ማስወጫ ይክፈት። እኛ ወጣት ተከራዮች ቤት ስናይ የምንጠይቀው «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» የሚለውን ነው። ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምር፦ «ጋዙ የት ይቆማል? አየሩ በየት ይወጣል?» የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎቻችንም ስለ መኪና ማቆሚያ በሚጨቃጨቁበት ስብሰባ ላይ አስር ደቂቃ ለዚህ ይስጡ። ደረጃው ላይ የተደረደረው አሮጌ ሶፋ ቢነሳ ሰው ሲሸሽ መንገድ ያገኛል።

አራተኛው ክርክር የለውም፤ «እግዜር ይጠብቀናል» ብቻ ነው የሚለው። አሜን። ግን አበውም «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉን የሚቆርጠው ሰው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ዛሬ ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት ቤት ያለው ሰው ሁሉ ማድ ቤት ይግባ። ልጅቷ ብቻ ሳትሆን አባወራውም፤ እሱ ምድጃ ፊት ቆሞ ባያውቅም ጋዝ ሲሸት አይመርጠውም። መዝጊያው የት እንዳለ ሁሉም በእጁ ይንካው። ወደ የት እንደሚዞር ይሞክረው። ጎማው በባትሪ ይታይ። በሳሙና ይፈተሽ። 939 በማርከር ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ልጅቷ የምትተኛው ሲሊንደሩ አጠገብ ከሆነ ዛሬውኑ ቦታ ይቀየር፤ ሲሊንደሩ ወይ እሷ አይደለም፣ ሲሊንደሩ! ይኼ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ይኼን ያደረገ ቤት አደጋ አይደርስበትም ብለን አንምልም። ቢደርስበት ግን ሁሉም ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። ይኼን ያላደረገ ቤት ደግሞ፣ እግዜር አያድርገውና አንድ ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል፣ እባካችሁ ያቺን ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር እንዳትናገሯት። ልጅቷ አልነበረችም ያልዘጋችው። ያላሳያት ነው።

ቸር ይግጠመን።